አብራር ከዳኝነት ወንበሩ የተነሣበት ረቡዕ

ጭሮ ውስጥ፣ ከመናኸሪያው በላይ ወደ ዳገቱ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ የአብራር የቆርቆሮ ሥራ ሱቅ አለ። በሩ ላይ የተጻፈ ነገር የለም፤ አያስፈልገውምም። አሸንዳ የሚያሠራ፣ የጭስ ማውጫ የሚጠግን፣ የተበሳ ባልዲ የሚያስበይድ ሰው ሁሉ የመዶሻውን ድምፅ ተከትሎ ይመጣል። ድምፁ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ይጀምርና ለሶላትና ለምሳ ብቻ ያርፋል።

አብራር አምሳ አራት ዓመቱ ነው። ከዚህ ውስጥ ሠላሳ አምስቱን ከቆርቆሮ ጋር አሳልፏል፤ ቆርቆሮውም በበኩሉ ግራ ጆሮውን ወስዶበታል። በግራ በኩል ቢጮኹበት እንኳ እንደ ሩቅ ሬዲዮ ነው የሚሰማው። ስለዚህ ሰው ሲያናግረው አንገቱን ያዞራል፣ ቀኝ ጆሮውን ያስጠጋል፣ የተናጋሪውን አፍ አተኩሮ ያያል፤ ካልገባውም «እስቲ ድገምልኝ» ይላል። የጆሮውን ነገር የማያውቁ ሰዎች ይህን ትዕግሥት አድርገው ቆጠሩት። «አብራር ሲያዳምጥ በሙሉ ሰውነቱ ነው» እየተባለ ይወራለት ጀመር።

በቀበሌው የባህል ፍርድ ቤት ሲቋቋምና የሰፈሩ ሰው ተሰብስቦ አምስት ሽማግሌዎች ሲመርጥ፣ ከአራት አቅጣጫ ስሙ የተጠራው በዚህ የተነሣ ነው።

«ኧረ እኔ ግማሽ ደንቆሮ ነኝ!» ብሎ ተነሣ አብራር።

ሰዉ ሳቀ። ትሕትና መስሎት ስሙን ጻፈው።

ቤቱ ሲገባ ሚስቱ ሂክማ፣ «እምቢ ማለት አቅቶህ ነው?» አለችው።

«እምቢ ብዬ ነበር። አልሰሙኝም።»

እውነቱን ለመናገር ግን፣ አጥብቆ እምቢ ያላለበት ምክንያት ነበረው። ያደገው ሂርና ነው። አባቱ ከስልጤ አገር መጥተው እዚያ መንገድ ዳር ትንሽ ሱቅ ከፍተው ነበር። አብራር የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ሳለ፣ አባቱ በሱቃቸው በረንዳ ይዞታ ከጎረቤታቸው ጋር ተጣሉና ነገሩ በሽማግሌ ተያዘ። በሽምግልናው ቀን ጠዋት አባቱ ወደ መስጊድ ሲሄዱ፣ ከሦስቱ ሽማግሌዎች አንዱ ጎረቤታቸው ቤት ምንጣፍ ላይ ተቀምጦ ጫት ሲቀነጥስ በተከፈተው በር አዩት። ከሰዓት በኋላ በረንዳው ለጎረቤት ተፈረደ። ምናልባትም የጎረቤት ነበር፤ አብራር እስከ ዛሬ አያውቅም። አባቱ ግን እስኪሞቱ ድረስ፣ «በረንዳውስ ይሂድ፤ እኔን ሳይሰሙ መጨረሳቸው ነው የሚያንገበግበኝ» ይሉ ነበር።

የተመረጡት አምስቱ ሰዎች መጀመሪያ የተገናኙት ከቀበሌው ጽሕፈት ቤት ጀርባ ባለችው አዳራሽ ነው። ሰብሳቢያቸው ኦቦ ሙሜ ነበሩ፤ ሰባ ያለፉ፣ ቀጭን፣ በከዘራ የሚሄዱ ገበሬ፤ ኦሮምኛቸው እንደ ወንዝ የሚወርድ፣ አማርኛቸው አጠር ያለ። ቃለ ጉባኤ የምትይዘው ጡረታ የወጣችው መምህርት ወሰንየለሽ ናት። ሁለቱ ከላይኛው ሰፈር የመጡ ገበሬዎች ናቸው። አምስተኛው አብራር፣ ቀኝ ጆሮው ወደ ባለጉዳዮች እንዲሆን ብሎ ግራ ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

«ስሙኝ» አሉ ኦቦ ሙሜ ከዘራቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው። «ከዛሬ ጀምሮ የተያዘ ጉዳይ ለሚስት አይወራም። በርጫ ላይ፣ ጫት ሲቃም አይወራም። መስጊድ ደጅ፣ ቤተ ክርስቲያን ደጅ አይወራም። ባለጉዳዩ ቤት አትበሉም፣ ጫቱን አትቀምሱም። የተጣሉበትን ቦታ ማንም ብቻውን ሄዶ አያይም፤ የሚታይ ከሆነ አምስታችንም አንድ ላይ፣ ሁለቱም ባሉበት። ሰውየውን የምታውቁት ከሆነ፣ ወዳጅም ይሁን ጠላት፣ ነገሩ ሳይጀመር ተናገር። ያልሰማኸውን አስደግም። ዱጋ ነው የምንፈልገው፤ እውነት። ቶሎ መጨረስ አይደለም።»

«ፊታችሁንም ጠብቁ» አለች መምህርት ወሰንየለሽ ቀና ብላ። «አንደኛው እየተናገረ ጭንቅላቱን የሚነቀንቅ ሰው ፈርዶ ጨርሷል ማለት ነው። ተማሪ እንኳ ይህን ያውቃል።»

አብራር ሁሉንም በልቡ ያዘ። አክብሮት ለመኖር ግን ከሚመስለው በላይ ከባድ ነበር። ጭሮ ትንሽ ከተማ ናት፤ ሁሉም ከሁሉም ጋር ይገናኛል። ከሃያ ዓመት በላይ ዓርብ ዓርብ የሚቀመጥበትን በርጫ ተወ፤ ምክንያቱም እዚያ ሲገባ ወሬው ሁሉ «እንዴት ነው የእነ እንትና ነገር?» ሆነ። ጓደኞቹ ተቀየሙ፣ ከዚያ ለመዱት። ሂክማም ችሎቱ በሚቀመጥበት ረቡዕ ማታ ማታ «ዛሬስ ምን ነበር?» ማለቷን ተወች። በዓመት ከመንፈቅ ውስጥ የግመል መተላለፊያ፣ የድንበር ባሕር ዛፍ፣ የተገነጠለ አጥር አይተው ጨረሱ። አብራር አንድም ቀን አርፍዶ አልመጣም፤ አንድም ቀን ያልሰማውን እንደ ሰማ ሆኖ አላለፈም።

በሐምሌ መጀመሪያ የወይዘሮ አብርሆት ጉዳይ መጣ።

ወይዘሮ አብርሆት ከዳገቱ ወገብ ላይ የሚኖሩ መበለት ናቸው። ከእሳቸው ቤት በላይ የህሩይ ቤት አለ፤ ህሩይ የትምህርት ቤት ዕቃ የሚሸጥ አርባዎቹ ውስጥ ያለ ሰው ነው፤ ቤቱን ከገዛው አራት ዓመቱ። ያለፈው ክረምት የወይዘሮ አብርሆት የጓዳ ግድግዳ ውሃ ጠጥቶ አበጠና በአንድ ጠዋት ግማሹ ተደረመሰ። ደግነቱ ማንም አልነበረበትም።

«ውሃው ከእሱ ጣሪያ ነው የሚመጣው» አሉ ወይዘሮ አብርሆት። «ብነግረው አይሰማኝ፣ ብለምነው አይሰማኝ።»

«ዳገት ነው እኮ!» አለ ህሩይ። «ከላይ ከእኔ በላይ ሃያ ቤት አለ። የሰማይ ውሃ ሁሉ የእኔ ነው? ጣሪያዬ አሸንዳ አለው። ቤቱን ስገዛም ነበረው።»

አብራር አሸንዳ የሚለውን ቃል ሲሰማ ወገቡን አቀና። «አሸንዳው ወዴት በኩል ነው የሚደፋው?» ብሎ ጠየቀ።

«ወደ ጀርባ» አለ ህሩይ።

«ወደ እኔ!» አሉ ወይዘሮ አብርሆት።

ኦቦ ሙሜ ከዘራቸውን አነሡ። «የሚቀጥለው ረቡዕ ሁላችንም ሄደን እናያለን። እስከዚያ ማንም እዚያ አይደርስም።»

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ አብራር ቆርቆሮ እየቆረጠ ሳለ አንድ ሰው በሩ ላይ ቆመ። የህሩይ የሚስት ወንድም ዘገየ ነው። በኮባ ቅጠል የተጠቀለለ የጫት እስር በብብቱ ይዟል።

«ጋሼ አብራር፣ ከሂርና መጥቶልን ነው። ከምሳ በኋላ ይሁንዎት።»

አብራር መቀሱን አስቀመጠ። ጫቱ ጥሩ ነበር፤ ከቅጠሉ ጫፍ የቀላው ቀንበጥ ብቅ ብሏል። እንዲህ ያለ ስጦታ መመለስ በዚህ አገር ፊት ላይ በር እንደ መዝጋት ነው።

«ዘገየ፣ ወላሂ አልተቀየምኩህም» አለው። «ነገሩ ሲያልቅ አብረን እንቀመጣለን። አሁን ግን ይዘኸው ሂድ። እንደ መጣህም ረቡዕ ለሁሉም እናገራለሁ፤ ከሌላ ሰው እንዳትሰማው ብዬ ነው የምነግርህ።»

ዘገየ ቀላ። «ኧረ እኔ በክፉ አላሰብኩትም።»

«አውቃለሁ።»

ይህን ያህል ጠንቃቃ የነበረው ሰው በማግስቱ የሠራውን ሥራ እሱ ራሱ ሲያስታውስ ይገርመዋል። ዓርብ ከጁምዓ ሲወጣ ዝናቡ እንደ ጉድ ወረደ። በዳገቱ ላይ ያለው ኮብልስቶን በአንድ ጊዜ ወንዝ ሆነ። አብራር መስጊዱ በረንዳ ላይ ቆሞ አሰበ፦ አሸንዳ የሚፈተነው እንዲህ ባለው ዝናብ ነው። ረቡዕ ሰማዩ ቢጠራስ? ደረቅ አሸንዳ ምን ይናገራል? ሌሎቹ አራቱ ስለ ቆርቆሮ አያውቁም፤ እኔ ግን ለአንድ ደቂቃ ባየው ይበቃኛል። ሐቁን ለማወቅ እስከ ሆነ ድረስ ምን ክፋት አለው?

ላስቲክ ራሱ ላይ ጣል አድርጎ ወጣ። ከህሩይ ቤት ጀርባ ባለችው ጠባብ መንገድ፣ ከአንድ የተዘጋ ኪዮስክ ጣሪያ ሥር ተጠግቶ ቀና አለ።

ውሃው ከአሸንዳው ጫፍ እንደ ገመድ ተጠምዝዞ ይወርድና በቀጥታ የወይዘሮ አብርሆትን ግድግዳ እግር ይመታል። ምንም ጥርጥር የለውም። «በቃ ሴትየዋ እውነታቸውን ነው» አለ ለራሱ። ሊመለስ ሲል ዓይኑ የአሸንዳው አፍ ላይ ቆመ።

አፉ እንደ ዓሣ ጅራት ለሁለት ተሰንጥቆ ወደ ውጭ ታጥፏል። በጭሮ እንዲህ የሚያጥፍ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም አብራር።

ያን ጊዜ ትዝ አለው። ይህ ቤት የናስር ቤት ነበር! ናስር የሚባለው ነጋዴ፣ ከአሥር ዓመት በፊት፣ ወደ በደሳ ሳይዛወር። ያን ጊዜ መንገዱ ኮብልስቶን አልነበረም፣ ኪዮስኩም አልነበረም፣ በሩም በሌላ በኩል ነበር፤ ለዚህ ነው «የህሩይ ቤት» ሲባል ያልገባው። አሸንዳውን በአንድ ቀን ጥድፊያ ሠርቶ ሰቅሏል። ወዴት አዘንብሎ እንደ ሰቀለው ግን ፈጽሞ ትዝ አላለውም።

«የሴትየዋን ግድግዳ የጣልኩት እኔ ነኝ» አለ በልቡ።

«አቶ አብራር!» የሚል ድምፅ ሰማ። ወይዘሮ አብርሆት ከጓዳቸው በር ብቅ ብለዋል። «ምነው ዝናብ ላይ ቆሙ? ይግቡ እንጂ! አዩት አይደል? በዓይንዎ አዩልኝ አይደል?»

«የለም... የለም፣ እትዬ፣ እያለፍኩ ነው» አለና እንደ ሌባ ቁልቁል ወረደ።

ምሳ አልበላም። ሂክማ ሳህኑን ዐየችና እሱን ዐየች።

«አሞሃል?»

«አላመመኝም። የረቡዕ ነገር ነው።»

ሂክማ ሳህኑን አነሣች። «እንግዲያው አልጠይቅህም። ግን ፊትህ እንዲህ ከሆነ ለሚመለከተው ሰው ንገረው።»

ቅዳሜ ጠዋት ኦቦ ሙሜን ፍለጋ ወጣ። ሽማግሌው ከቤታቸው ፊት የማሽላቸውን ቁመት እየለኩ ነበር። አብራር ሰላምታውን ሳይጨርስ፣ «ኦቦ ሙሜ፣ ስለዚያ ጉዳይ አንድ ጥፋት...» ብሎ ጀመረ።

ኦቦ ሙሜ መዳፋቸውን ዘረጉ። «ቁም። ጥፋቱ ያንተ ነው?»

«የእኔ ነው።»

«ለእኔ ብቻ አትንገረኝ። እኔ ብቻዬን ከሰማሁ እኔም ጥፋተኛ እሆናለሁ። ረቡዕ ሁሉም ሲቀመጥ፣ ህሩይም፣ ሴትየዋም ሲሰሙ ተናገር።» ከዚያ ትከሻውን መታ አደረጉ። «ማሽላዬን እይልኝ፤ ዘንድሮ እንዴት ነው?»

አብራር ማሽላውን ዐየ። ጥሩ ነበር። ግን አራት ቀን ገና ይቀራል።

በእነዚያ አራት ቀናት ሁለት ጊዜ «ዝም ብልስ?» ብሎ አስቧል። አሸንዳው የእሱ መሆኑን የሚያውቅ የለም። ወይዘሮ አብርሆት ቢያዩትም ዳኛ ሊያይ መጣ ብለው ደስ ብሏቸዋል እንጂ አይከሱትም። ታሞ ሊቀርም ይችል ነበር። ሰኞ ዕለት አንድ ቱቦ ሁለት ጊዜ አበላሸ። ማክሰኞ ግን አንድ ነገር በልቡ ወሰነና ቀለል አለው፦ በዚህ ወንበር ላይ ተቀምጦ ሌላውን ሰው «እውነቱን ተናገር» ማለት ካለበት መጀመሪያ የራሱን መናገር አለበት። ከዚያ በኋላ ያባርሩት፣ ይሳቁበት፤ የሚሆነው ይሁን።

ረቡዕ አዳራሹ ሞላ። ኦቦ ሙሜ ከመክፈታቸው በፊት አብራርን ዐዩት። አብራር ተነሣ። ድምፁ ከመዶሻ ጋር የኖረ ድምፅ ስለሆነ እስከ በሩ ድረስ ተሰማ።

«ሦስት ነገር እናገራለሁ። ሐሙስ ዕለት የአቶ ህሩይ ዘመድ ጫት አምጥቶልኝ መልሼለታለሁ። ዓርብ ዕለት፣ አትሂዱ ተብሎ፣ ብቻዬን ሄጄ ቤቱን አይቻለሁ፤ ወይዘሮ አብርሆትም አይተውኛል። ሦስተኛው፣ አሸንዳውን የሠራሁት እኔ ነኝ። ከአሥር ዓመት በፊት ለናስር ነው የሠራሁት። ስንጀምር አላወቅኩም፤ ዓርብ ነው ያወቅኩት። ጥፋቱ የአሸንዳው ከሆነ ጥፋቱ የእኔ ሊሆን ይችላል። በዚህ ጉዳይ ላይ መፍረድ አልችልም።»

አዳራሹ እንደ ንብ ቀፎ አጉረመረመ።

ህሩይ ብድግ አለ። «ይሄ ሰው ነበር ሊፈርድብኝ? ተደብቆ ቤቴን እየሰለለ!»

«ልክ ነህ» አለ አብራር። «ማድረግ አልነበረብኝም።»

ህሩይ የሚመልሰው ክርክር ጠብቆ ነበርና «ልክ ነህ» ሲባል እጁን አወረደ። ተቀመጠ።

«እኔስ?» አሉ ወይዘሮ አብርሆት፣ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ። «እውነቱን ያየልኝ አንድ ሰው አገኘሁ ስል እሱም ይነሣብኝ?»

ኦቦ ሙሜ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «አዴ አብርሆት፣ ያየው ነገር አይጠፋም። ወንበሩን ነው የሚለቅ፤ ዓይኑን አይደለም። ምስክር ሆኖ ይናገራል፣ እርስዎም ህሩይም ትጠይቁታላችሁ። እንዲህ ነው የሚሻል።» ከዚያ ወደ አብራር ዞሩ። «ብቻህን መሄድህ መጥፎ ነው። መናገርህ ጥሩ ነው። አሁን ውረድ። ፊሊጶስ፣ ና ተቀመጥ።»

ተለዋጭ አባል የነበረው የመድኃኒት ቤቱ ፊሊጶስ ተነሥቶ በአብራር ቦታ ተቀመጠ። መምህርት ወሰንየለሽ የሆነውን ሁሉ ጻፈች፤ ለሁለቱም ባለጉዳዮች አነበበችላቸው፤ በፊሊጶስ መተካት ይቃወሙ እንደሆነ ጠየቀቻቸው። ሁለቱም አልተቃወሙም።

አብራር በር አጠገብ ካለው አግዳሚ ላይ ተቀመጠ። የሚያፍር መስሎት ነበር። ያገኘው ስሜት ግን ሌላ ነው። የሙሉ ቀን ቆርቆሮ ትከሻው ላይ ተሸክሞ ዳገት ወጥቶ፣ በመጨረሻ ግድግዳ ላይ አስደግፎ ሲያራግፈው እንደሚሰማው ነበር። አጠገቡ የተቀመጠ አንድ የማያውቀው ሽማግሌ በግራ ጆሮው በኩል የሆነ ነገር አለው። አብራር ዞሮ፣ «እስቲ ይድገሙልኝ» አለ።

«ጎበዝ ነህ አልኩህ» አሉት ሰውየው።

ከዚያ ሁሉም ተነሥተው ዳገቱን ወጡ። ከፊት ኦቦ ሙሜ በከዘራቸው፣ ከኋላ ባለጉዳዮችና ግማሽ ሰፈር። ሰማዩ ጠርቶ ነበር። አብራር ዓርብ ዕለት የፈራው ደረቅ አሸንዳ እዚያው ተሰቅሏል፤ ፊሊጶስ ግን ቀላል ሐሳብ አመጣ፦ «መሰላልና ሁለት ባልዲ ውሃ አምጡ።»

ህሩይ መሰላሉን አመጣ፤ ወይዘሮ አብርሆት ባልዲውን። ውሃው ከላይ ሲፈስስ ሁሉም በአንድ ጊዜ ዐዩት፤ ወደ ጀርባ ሄዶ በግድግዳው እግር ተደፋ። ህሩይ ጢሙን አሻሸ።

«አሸንዳውን የሠራው ሰው መሰላሉ ላይ ይውጣ» አሉ ኦቦ ሙሜ። «ያየኸውን ጮክ ብለህ ተናገር፤ ሁላችንም እንድንሰማ።»

አብራር ወጣ። ከዓርብ ጀምሮ ይፈራ የነበረው ይህን ጊዜ ነበር። ዓርብ ዕለት ከሥር ሆኖ፣ በዝናብ ውስጥ፣ አፉን ብቻ ነበር ያየው። አሁን በቅርብ፣ በደረቅ ቀን፣ አሸንዳውን ከጫፍ እስከ ጫፍ በእጁ ዳሰሰ። አንዴ ዳሰሰ፤ ተመለሰ፤ እንደ ገና ዳሰሰ።

«ምን አለ?» አለ ህሩይ ከታች።

«ሪቬት የለም!» ብሎ ጮኸ አብራር። «እኔ ስሰቅል መያዣውን በሪቬት፣ በሁለት ወገን በሚቀጠቀጥ ሚስማር ነው የማስረው። እነሆ የሪቬቱ ቀዳዳዎች ባዶ ናቸው፤ በሌላ ቦታ በብሎን ታስሯል። ብሎን እኔ ተጠቅሜ አላውቅም። ሌላም አለ። ከአሸንዳው ኋላ ግድግዳው ላይ ያለውን ዝገት እዩ፤ የድሮው የውሃ መሥመር ወደ መንገዱ በኩል ነው የሚወርደው። ይሄ አሸንዳ ከተሰቀለ በኋላ አቅጣጫው ተቀይሯል!»

መምህርት ወሰንየለሽ፣ «ፊሊጶስ፣ አንተም ውጣና እይ፤ ከዚያ ህሩይ ይውጣ» አለች። ሁለቱም ወጡ፣ ዳሰሱ፣ ቀዳዳዎቹን ቆጠሩ።

«እኔ አልነካሁትም» አለ ህሩይ ሲወርድ፤ ድምፁ ረግቧል። «ስገዛው እንዲህ ነበር። በልጆቼ እምላለሁ።»

«መሐላ ተው፣ ናስር ይደወልለት» አሉ ኦቦ ሙሜ።

የናስር ስልክ ከአብራር የደንበኞች ደብተር ተገኘ። ሁለቱም ባለጉዳዮች እንዲሰሙ መምህርት ወሰንየለሽ ስልኩን ድምፁን ከፍ አድርጋ በመዳፏ ያዘች። ናስር በደሳ ገበያ መሃል ነበር፤ ከኋላው ጥሩምባና ፍየል ይጮኻል። ማን እንደ ደወለና ሁሉም እየሰሙ መሆናቸውን ነገረችው፤ ከዚያ ስለ አሸንዳው ጠየቀችው።

«አሸንዳው? አዎ! አብራር ሲሠራልኝ ወደ መንገዱ ነበር፤ እዚያ ሮቶ ነበረኝ፣ ውሃ እሞላበት ነበር። ወደ በደሳ ልዛወር ስል ሮቶውን አስቀድሜ ወሰድኩት። ከዚያ ውሃው ደጄን ጭቃ አደረገብኝና ራሴ ወደ ጀርባ አዞርኩት። ምነው?»

«ከጀርባ ሰው ይኖራል፣ ናስር» አሉ ወይዘሮ አብርሆት ወደ ስልኩ ጠጋ ብለው።

«እትዬ አብርሆት ነዎት? ያ አላህ! ያን ጊዜ እኮ እዚያ ጎመን ነበር የተተከለው። ጓዳ መቼ ተሠራ?»

ወይዘሮ አብርሆት ወደ ጓዳቸው ዞረው ዐዩ። «እኔማ... አንተ ከሄድክ በኋላ ነው የሠራሁት። እስከ አጥሩ ድረስ ነው ያስጠጋሁት፤ ቦታ ስላልበቃኝ።»

«አውፍ በሉኝ፣ ይቅር በሉኝ፣ እትዬ። እሑድ መጥቼ በእጄ አግዛለሁ፣ ኢንሻአላህ።»

ስልኩ ተዘጋ። ለአንድ ዓመት «አንተ ነህ»፣ «አንቺ ነሽ» ሲባል የቆየው ነገር ውስጥ አንድም ክፉ ሰው አልተገኘም። ህሩይ ወደ ተደረመሰው ግድግዳ ሄዶ እጁን አሳረፈበት። «ባየው ኖሮ...» አለ፤ ከዚያ አቆመና፣ «ሲነግሩኝ መጥቼ ማየት ነበረብኝ» አለ።

አብራር መሰላሉ ሥር ቆሞ ነበር። ጥፋቱ የእሱ አለመሆኑ ደስ አሰኝቶታል፤ ከዚያ ይበልጥ ያስገረመው ግን ዓርብ ዕለት እርግጠኛ የነበረበት ነገር ነው። ብቻውን አይቶ ወይዘሮ አብርሆት ሙሉ በሙሉ ልክ፣ ህሩይ ግትር፣ ራሱ ወንጀለኛ ብሎ ጨርሶ ነበር። ሦስቱም አልነበሩም። ሰው ሁሉ ባለበት፣ ተጠይቆና ተመልሶ ባይታይ ኖሮ ያን ፍርድ ይዞ ወደ ወንበሩ ይመለስ ነበር።

አምስቱ ወደ አዳራሹ ተመልሰው በር ዘግተው ተማከሩ። አብራር ከሌላው ሰው ጋር ውጭ ቀረ፤ በመስኮቱ በኩል እንዳያልፍ እንኳ ተጠንቅቆ ከግቢው ማዶ ግንድ ላይ ተቀመጠ። ዘገየ መጥቶ አጠገቡ ተቀመጠ። ስለ ጉዳዩ ምንም አላወሩም፤ ስለ ሂርና መንገድ አወሩ።

ኦቦ ሙሜ ወጥተው ውሳኔውን በሁለት ቋንቋ ተናገሩ። ህሩይ አሸንዳውን በሁለት ሳምንት ውስጥ ወደ መንገዱ ቦይ ያዞራል፤ ለግድግዳው ድንጋይና እንጨት ያቀርባል። ወይዘሮ አብርሆት ጭቃና ጭዱን ያቀርባሉ፣ ከጓዳቸው እግር ሥር የውሃ መውረጃ ያስቆፍራሉ። ሁለቱም ሰሙ፣ ሁለቱም ተስማማን አሉ፣ ፈረሙ። ወይዘሮ አብርሆት ሲፈርሙ «ተመስገን» ብለው ረጅም ትንፋሽ ሲያወጡ፣ መምህርት ወሰንየለሽ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቷን መጠበቅ ረሳችና ሳቀች።

«አሸንዳውን እኔ በነፃ አዞረዋለሁ» አለ አብራር።

«አንተ አትነካውም!» አሉ ኦቦ ሙሜ። «ነገ አንዱ፣ ዳኛው ለሥራው ብሎ ነው ይላል። ከሂርና ሰው ይምጣ።»

ሕዝቡ ሳቀ፤ አብራርም ከሁሉም በላይ ሳቀ።

ሰዉ ሲበተን ከኦቦ ሙሜ ጋር አብረው ቁልቁል ወረዱ። አብራር፣ «ኦቦ ሙሜ፣ በእኔ ቦታ ሌላ ሰው ብትመርጡ አልቀየምም፤ አጥፍቻለሁና» አለ።

ሽማግሌው ቆሙ። «ስማ። ሌላ ሰው ብመርጥ እሱም አንድ ቀን ያጠፋል። ግን ይነግረኛል ወይ? እሱን አላውቅም። አንተ እንደምትነግረኝ ዐወቅኩ።» ከዘራቸውን ወደ ፊት ተከሉና ተራመዱ። «ረቡዕ የበሬ ጉዳይ አለ። በሰዓቱ ና። ደግሞ በሬውን ብቻህን እንዳታይ።»

አብራር ከቀትር በኋላ ያለውን የአስር ሶላት ሰግዶ ሱቁን ከፈተ። ሰኞ ያበላሸውን ቱቦ አውጥቶ አቃናው፤ መዶሻው የወትሮውን ዜማ አገኘ። አንዲት ሴት የሚያፈስ ባልዲ ይዛ መጣች፤ ነገ ጠዋት ትወስደዋለች ብሎ ተቀበላት። ከተማው በሰሞኑ ዝናብ ታጥቦ ያበራ ነበር፤ ከመናኸሪያው የበደሳ ሚኒባስ ረዳት «አንድ ሰው! አንድ ሰው!» እያለ ይጣራል። አብራር ያን ቀን ሥራውን ያለ ምንም ሐሳብ ሠራ፤ ማታም ራቱን ጠግቦ በልቶ፣ ራሱን ትራስ ላይ ገና እንዳሳረፈ እንቅልፍ ወሰደው።